«ዱቢየስ» ያልሁት ንጉሥ

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከሰው አፍ ለቅሜ፥ ትርጕሙን ሳላውቅ ዓመታት እንደ ተጠቀምሁበት ብነግራችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ በመጀመሪያ የሳቁብኝ እናንተ አይደላችሁም።

የተወለድሁት ላስታ ነው። ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው በኩል 7 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዳችሁ የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። ላላያችሁት፥ ይህ ቤተ ክርስቲያን በከተማው እንዳሉት ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ሳይሆን በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ የተቀመጡ የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ሕዝቡም ጠበል ነው ብሎ ይጠጣዋል። አያቴ በዚያ ደብር ብዙ ዘመን ያገለገሉ መሪጌታ ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን የተማሪ ግስ ሲሳሳት ከግድግዳ ማዶ ይሰማል።

በልጅነቴ እንግዳ ይበዛ ነበር። እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር ቆመን እንግሊዝኛ እንለቅማለን። አንድ ቀን ካህኑ መስቀል አውጥተው ለሁለት ሴቶች ያሳያሉ፤ አስጐብኚውም «ይህ መስቀል የንጉሥ ነአኩቶ ለአብ የራሱ ነበር» ይላል። አንደኛዋ መስቀሉን ትኩር ብላ ተመለከተችና ወደ ጓደኛዋ ጆሮ ጠጋ ብላ «ዱቢየስ» አለች። በሹክሹክታ ስለ ተነገረ የከበረ ቃል መሰለኝ። ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያንሾካሹከው ጸሎት እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ ባገኘሁ ቊጥር እጄን ዘርግቼ «ቬሪ ዱቢየስ ክሮስ፥ ቬሪ ዱቢየስ ቸርች» እል ጀመር። እንግዶቹ እየሳቁ ፎቶግራፍ ያነሡኝ ነበር። ጉርሻውም ጨመረ፤ ስለዚህ ቃሉ የተባረከ መሆኑን አመንሁ።

በ2012 ኮሮና መጣና እንግዳው ቀረ። በ2013 ደግሞ ጦርነቱ አገራችን ድረስ መጣ። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መዝገበ ቃላት ስከፍት፥ የተባረከው ቃሌ «አጠራጣሪ» ተብሎ ተተርጕሞ አገኘሁት። ያን ቀን እራት አልበላሁም ብላችሁ አታምኑኝም፤ በልቻለሁ፥ ነገር ግን አልጣመኝም። ካህኑ መስቀሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያሳዩ፥ እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ «እጅግ የሚያጠራጥር መስቀል» እያልሁ ስጮህ ታየኝ። ቢሆንም ጕዳቱን ወደ ጥቅም ልለውጥ አሰብሁ። ቃሉን አሁን አውቄዋለሁ፤ አሁን በቦታው እጠቀምበታለሁ አልሁ። ጊዜውም ሳይዘገይ መጣ። ለታሪክ ትምህርት ስለ ትውልድ አገራችን አንድ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ እንድናቀርብ ታዘዝን። እኔም የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንዲህ አሳመርሁት፦ «ነአኩቶ ለአብ ወዝ ኤ ዱቢየስ ኪንግ»።

የዘመኑ ታሪክ ያልተረጋገጠ ነው ለማለት ነበር። መምህሩ ግን ከዐረፍተ ነገሩ ሥር በቀይ ቀለም «ምን ሰረቀ?» ብሎ ጻፈበት።

ነገሩን ያስረዳኝ በኋላ ነው። ቃሉ ከታሪክ ወይም ከወሬ ፊት ሲቆም አጠራጣሪ ማለት ነው፤ ከሰው ፊት ሲቆም ግን የሰውየውን ጠባይ ይነካል። ዱቢየስ ነጋዴ ሚዛኑ የማይታመን ነው። ዱቢየስ ንጉሥም እንዲሁ። በትውልድ አገሬ ታቦት የተተከለለትን ጻድቅ ንጉሥ በእንግሊዝ ቋንቋ አጭበርባሪ ብዬዋለሁ። መምህሩ ስለ «ምን ሰረቀ?» ሲጠይቅ ቀልዱ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ትውፊት ትዝ ብሎኝ ደነገጥሁ። ላሊበላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቆ ሳለ፥ የነአኩቶ ለአብ ወታደሮች የአንድ ድሃ ገበሬ ብቸኛ ላም ወሰዱ፤ ንግሥት መስቀል ክብራም ይህን ሰምታ ባልዋ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ ገፋፋችው ይባላል። እንግዲህ ለመምህሩ ጥያቄ መልስ ነበረኝ ማለት ነው፤ ደግነቱ ዝም አልሁ።

እስቲ ወደ ቋንቋው እንመለስ፤ ይህ ጕድጓድ የኔ ብቻ አይመስለኝም። ጠረጠረ ከሚለው ግሥ ስንት ዓይነት ሰው እንደሚወጣ ቍጠሩ። ጐረቤቱ በጓሮ ሲያልፍ አይቶ ክፉ የሚያስብ ጠርጣሪ ነው፤ ልማድ ካደረገው ጠርጣራ ይባላል። የሚታሰብበት ሰው ተጠርጣሪ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ የሚያድረው እሱ ነው። ልቡ ወዲያና ወዲህ እያለ ማመን ያቃተው ተጠራጣሪ ነው። ይህን የልብ መናወጥ የሚያመጣው ነገር ደግሞ አጠራጣሪ ይባላል። እኛ አንዲት ፊደል ከፊት ስንለዋውጥ ጥፋቱ ከማን እንደ ሆነ ይታወቃል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ብዙውን ብቻውን ይሸከማል። «አይ አም ዱቢየስ» ያለ ሰው ተጠራጣሪ ነኝ ማለቱ ነው። «ኤ ዱቢየስ ስቶሪ» ያለ አጠራጣሪ ታሪክ ማለቱ ነው። «ኤ ዱቢየስ ማን» ያለ እንደ ሆነ ግን ኪሳችሁን ጠብቁ። «ዳውትፉል» የሚለውም ሁለቱን ይሸከማል፤ የሚጠራጠረውም ሰው ዳውትፉል ነው፥ የሚያጠራጥረውም ነገር ዳውትፉል ነው፤ ስድቡ ግን ከዱቢየስ ይቀላል።

ሌላም ጕድጓድ አለ፤ ይኸኛው ግሡ ላይ ነው። «ይመጣል ብዬ እጠረጥራለሁ» ስንል ሚዛኑ ወደ መምጣቱ ያጋድላል። «መምጣቱን እጠራጠራለሁ» ስንል ወደ መቅረቱ ያጋድላል። እንግሊዞች ለፊተኛው «ሰስፔክት»፥ ለኋለኛው «ዳውት» ይላሉ። ሁለቱም ከአንድ ሥር ለወጡልን ለኛ ግን መምታታቱ አይገርምም። አንድ የክፍላችን ልጅ ለአንዲት ተማሪ «እንደምትወጂኝ እጠረጥራለሁ» ለማለት ፈልጎ «አይ ዳውት ዛት ዩ ላቭ ሚ» ብሎ ላከላት። «አትወጂኝም መሰለኝ» ማለቱ መሆኑን የነገርነው መልእክቱ ከሄደ በኋላ ነው። መልስ እስካሁን አልመጣም።

በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፥ መንገዱ ተከፍቷል በተባለበት ሳምንት፥ አገሬ ገባሁ። አያቴ ከደጅ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው ነበር። ጕልበታቸውን ሳምሁ፤ ስለ ትምህርቴም ጠየቁኝ።

«ምን እየጻፍህ ነው?» አሉኝ።

«ስለ ነአኩቶ ለአብ ነው፥ አባባ።»

ፊታቸው በራ። «ምን አልህ ስለ እርሱ?»

እንግዲህ መዋሸት ይቻል ነበር። አልዋሸሁም፤ ጀግና ስለ ሆንሁ ሳይሆን ሌላ የሚነገር ወዲያው ስላልመጣልኝ ነው። «አጠራጣሪ ንጉሥ ነው አልሁ» ብዬ ተናገርሁ፤ የቀይ ቀለሙንም ነገር አከልሁበት።

አያቴ አልተቈጡም። መቋሚያቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛውረው «ንጉሡ ነው ያጠራጠረህ ወይስ አንተ ነህ የተጠራጠርኸው?» አሉኝ። መልስ ሳጣ እንደ ልማዳቸው ወደ ግስ ገቡ። ነፈቀ በግእዝ ከፈለ፥ ገመሰ ማለት ነው፤ መንፈቅ ያልነው እኩሌታ ከዚያ የመጣ ነው፤ መናፍቅ የምንለውም ልቡ ለሁለት የተከፈለ ስለ ሆነ ነው አሉ። ያን ጊዜ እኔ ደግሞ የማውቀውን ነገርኋቸው። ዱቢየስ ከላቲን የተወሰደ ነው፤ ሥሩም «ዱኦ» ማለት ሁለት ከሚለው ነው፤ በሁለት ሐሳብ መካከል የቆመ እንደ ማለት ነው አልኋቸው። ይህን ሲሰሙ እጅግ ተደሰቱ። «ተመልከት፤ እነርሱ ሁለት አሉት፥ እኛ ግማሽ አልነው» አሉና ለብቻቸው ሳቁ። «በአማርኛስ ናፈቀኝ የምንለው?» ብላቸው፥ «ልቡ በሁለት አገር ያልተከፈለ ይናፍቃል እንዴ?» አሉኝ። ይህ የመጨረሻው ከመጽሐፍ ይሁን ከራሳቸው አልጠየቅኋቸውም።

በዚህ ደስታ ላይ ሳሉ የቀረውን ነገር ማምጣት ከበደኝ። የቀረው ነገር ይህ ነው።

አያቴ የሚያውቁት፥ እኔም በእቅፋቸው የሰማሁት ታሪክ፥ ነአኩቶ ለአብ የላሊበላ ወንድም የሐርቤ ልጅ ነው፤ ላሊበላ አሳደገው፤ 40 ዓመት ነገሠ፤ ዙፋኑንም በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት ያለ ደም ለይኩኖ አምላክ አስረከበ፤ በመጨረሻም በዚያው ዋሻ ተሰወረ እንጂ ሞተ አይባልም። ስሙ ራሱ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። አገራችን የምትታወቀው በዚህ ነው። መጻሕፍቱን ሳገላብጥ ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል የሚያልቅ አልሆነም። ከላሊበላ በኋላ ልጁ ይትባረክ መንገሡን የሚናገሩ አሉ። የዛጔን ዘመን 133 ዓመት የሚያደርጉ አሉ፤ 333 የሚያደርጉም አሉ፤ በመካከሉ 200 ዓመት ጠፍቶ የሚፈልገው የለም። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 በፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተሙት፥ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በሚናገረው መጽሐፋቸው፥ በ1270 መንግሥቱ ወደ ይኩኖ አምላክ የተሻገረው በጦርነት ነው ይላሉ። የተሸነፈው ንጉሥ «ዘኢልመክኑን» ተብሎ ተጽፏል፤ ይኸውም ያልታወቀው፥ የተሰወረው እንደ ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ ይህ ሰው ስሙ ሆን ተብሎ ከታሪክ የወጣበት ይትባረክ ነው ብለው ያስባሉ። ይህ እውነት ከሆነ፥ ያለ ደም የሆነው የዙፋን ርክክብ ከአያቴ ታሪክ ይወጣል።

ዝም ማለት እችል ነበር። ለመምህሩ አንድ ታሪክ፥ ለአያቴ ሌላ ታሪክ ይዞ መኖር እንደሚቻል ከናንተ መካከል የሚያውቅ ብዙ ነው። ግማሻችን እዚህ፥ ግማሻችን እዚያ እንኖራለን፤ መናፍቅ ማለት ይህ ከሆነ የምንተርፍ ጥቂቶች ነን። ግን ያን ቀን ግሱን አብረን ፈትተን፥ አብረን ስቀን፥ ከዚያ በኋላ መደበቅ አስጠላኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ማን ጻፈው? ፈረንጅ ነው?» አሉ።

«አይደለም፥ የኛው አገር ሊቅ ናቸው። አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር። አዩት?»

«ምኑን፥ አባባ?»

«ጦርነቱን።»

«ኧረ አባባ፥ 700 ዓመት ያለፈው ነው! ከብራና ነው ያገኙት።»

«እኔም ከብራና ነው ያገኘሁት» አሉ። ጥቂት ቆይተው «ታዲያ ተጣርቷል?» አሉኝ።

«አልተጣራም። ሊቃውንቱም አልተስማሙ።»

«እንግዲያስ ያልተጣራ ነው በል። ስለ ምን በንጉሡ ላይ ታላክከዋለህ? ጕሽ ጠላ ስትጠጣ ጋኑን ትሰድባለህ?»

ያልተጣራ! ይህን ቃል ከእርሳቸው በፊት በሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁበትንም ቀን አልረሳውም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ እኔ ለትምህርት አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ነበርሁ። መብራቱም ስልኩም ተቋረጠ። አንድ ቀን በእግሩ ወጥቶ የመጣ ሰው ቤታችን ገባና «ሽማግሌው መሪጌታ አርፈዋል፥ ሲቀበሩ አየሁ ያለ ሰው ነግሮኛል» አለን። አክስቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ጐረቤት መሰብሰብ ጀመረ። ታላቁ አጎቴ ግን ከበሩ ቆሞ «ያልተጣራ ነው፤ ማንም ድንኳን አይተክልም» አለ። ለካስ እንዲህ ያለ ኑሮም አለ! አናለቅስም፥ ደግሞም አንስቅም። ስለ እርሳቸው ስናወራ «ይሉ ነበር» ካልን አክስቴ ትቈጣለች፤ «ይላሉ» ካልን ታለቅሳለች። እስከ ታኅሣሥ 2014 ከዚያም አልፎ ስልኩ እስኪመለስ ድረስ እንዲህ ኖርን። ያን ጊዜ እኔ ተጠራጣሪ አልነበርሁም፤ ልቤ ሞተዋል ወይም አልሞቱም ብሎ አልተከፈለም። ሰውየውም ዋሽቷል አላልሁም፤ የሰማውን ነው የነገረን። ወሬው ጕሽ ነበር፥ እኛም እስኪጠል እንጠብቅ ነበር። መስመሩ ሲመለስ አያቴ በስልክ መጀመሪያ ያሉኝ «ትምህርትህን አቋረጥህ እንዴ?» የሚል ነበር።

ይህን ወሬ ለእርሳቸው ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ያን ቀን በደጃፋቸው ነገርኋቸው። «አንቱም በዚያ ዓመት ያልተጣሩ ነበሩ» አልኋቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ነአኩቶ ለአብም ተሰወረ ይባላል፥ እኔም ተሰወርሁ ማለት ነው» አሉና አማተቡ፤ ቀልዳቸው ድፍረት መስሏቸው ይሆናል።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በቀጥታ የሄድሁት ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው። «ያልተጣራ» ለሚለው መምህሩ የጠቆመኝ የእንግሊዝኛ ቃል «አንሰርተን» ነበር፤ እኔ ግን ከልክ በላይ ተራ ሆኖብኝ ንቄው ነበር። ሥሩን ስፈልግ፥ «ሰርተን» የሚለው ላቲኖች «ኬርኔሬ» ከሚሉት ግሥ ዘር ሆኖ ተገኘ፤ ኬርኔሬ መንፋት፥ በወንፊት መለየት ነው። አንሰርተን እንግዲህ ያልተነፋ ማለት ነው። ሮማውያን ዱቄት ሲነፉ፥ እኛ ጠላ ስናጠል አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰናል። ከመደርደሪያዎቹ መካከል ቆሜ ብቻዬን ስስቅ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በዓይንዋ ገሠጸችኝ። በአሳባችሁ አታዙሩት፤ ይህ ቃል በአገባቡም ገር ነው። ከሰው ፊት ቢቆም ሰውየው እርግጠኛ አይደለም ይላል እንጂ ኪስ አይገባም። ከዘመን ፊት ቢቆም ዘመኑ አልተጣራም ይላል፤ ንጉሡን አይነካም። ዱቢየስ ከሳሽ አለበት፤ አንሰርተን ውስጥ ከሳሽ የለም።

ጽሑፌን እንደ ገና ጻፍሁት። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አሁን የነአኩቶ ለአብ ዘመነ መንግሥት አፈጻጸም «አንሰርተን» ነው ይላል፤ ከዚያ የፕሮፌሰሩን ሐሳብ፥ ቀጥሎም የደብሩን ትውፊት አስቀመጥሁ፤ ትውፊቱን «አገሬው እንደሚለው» ብዬ አላሳነስሁትም፥ ሙሉውን ጻፍሁት። 40 ዓመት ነገሠ የሚለውንም አስገባሁ። ከመላኬ በፊት በስልክ ለአያቴ አነበብሁላቸው፤ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም «ነአኩቶ ለአብ» የሚለው በተነሣ ቊጥር «እሺ» ይሉ ነበር። በመጨረሻ «ያ ሁለት የሚለው ቃል የት ገባ?» አሉኝ።

«አውጥቼዋለሁ፥ አባባ።»

«ደግ አደረግህ።»

ጽሑፉ ባለፈው ሳምንት ታርሞ ተመለሰልኝ። ነጥቡ መልካም ነው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ቀይ ቀለም የለም። በሦስተኛው ገጽ ግን፥ «40 ዓመት» ከሚለው አጠገብ፥ መምህሩ ሌሎቹ የዛጔ ቅዱሳን ነገሥታትም በአንዳንድ ዝርዝር እያንዳንዳቸው ልክ 40 ዓመት ነግሠው እንደሚገኙ አስታውሶ፥ በዳር «ዱቢየስ» ብሎ ጽፎበታል። ቃሉ በትክክለኛ ቦታው ገብቷል፤ ከቊጥር ፊት ነው፥ ማንንም አይሰድብም።

ይህን ለአያቴ ገና አልነገርኋቸውም።